ትኩሳት ከለቀቀ በኋላ የሚቀረው ድካምና ያልተፈተነ መድኃኒት

በሽታ ሰውን ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ሲመጣ በትኩሳትና በሕመም ይጎዳል፤ ሲሄድም የሰውን ጉልበት ይዞ ይሄዳል። የመጀመሪያውን ጉዳት ቤተ ዘመድ ሁሉ ያየዋል፤ ጎረቤትም ተሰብስቦ በሽተኛውን በቃሬዛ ተሸክሞ ከጤና ጣቢያ ያደርሰዋል። ሁለተኛው ጉዳት ግን ከዓይን የተሰወረ ነው። ትኩሳቱ የለቀቀው፣ እህል መቅመስ የጀመረው፣ መልኩም የተመለሰለት ሰው፣ ጥቂት በቆፈረ ቁጥር ጉልበቱ ቢከዳው፣ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ እንዳልተኛ ሰው ሆኖ ቢነሣ፣ የተነገረውንም ቢረሳ፣ «ሰነፈ» ይባላል እንጂ «ገና አልዳነም» አይባልም። በዚህ ወር ጽሑፋችን ልንናገር የፈለግነው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ጉዳት ነው፤ ይልቁንም ያድነዋል እየተባለ ስለሚሸጠው መድኃኒት ነው።

ይህ ነገር ለወላይታ ሕዝብ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። ከዳሞታ ተራራ ወገብ አንሥቶ እስከ ቆላው ድረስ ገበሬው የሚኖረው በጠባብ መሬት ላይ በክንዱ ኃይል ነው። እንሰት ተክሎ፣ ነቅሎና ፍቆ ቆጮ ማድረግ፣ ስኳር ድንቹንና ጎደሬውን መኮትኮት፣ ውሃ ቀድቶ ሽቅብ መውጣት፣ ይህ ሁሉ የጉልበት ሥራ ነው። ለሦስት ወር ጉልበት የራቀው አባወራ የዘር ወቅት ያመልጠዋል፤ ከደቦው ስለሚቀርም ደቦ የሚመጣለት አያገኝም። እናት የደከመች እንደ ሆነ ደግሞ ሴት ልጇ ከትምህርት ቤት ቀርታ በእርሷ እግር ትተካለች። ስለዚህ የጉልበት መመለስ ከሞት ከመዳን ቀጥሎ የሚቆጠር ነገር ነው። እንዲህም ስለ ሆነ ሰው የጉልበት መድኃኒት ነው ለተባለው ሁሉ ያለውን ጥሪት ሳይቆጥብ ያወጣል።

ከሁሉ አስቀድሞ ድካሙ እውነተኛ መሆኑን ማወቅ ይገባል። ኢንፍሉዌንዛ፣ የጉበት ቫይረስ፣ ዴንጊ፣ ቢጫ ወባና ኮቪድ 19 ካለፉ በኋላ ድካም ትተው ሊሄዱ እንደሚችሉ በሕክምና የታወቀ ነው። ከእነዚህ መካከል ቢጫ ወባ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በተለይም በኦሞ ወንዝ አካባቢ፣ ተነሥቶ 100,000 ያህል ሰው እንደ ታመመና 30,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። በቅርቡም በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በወላይታ ዞን በኦፋ ወረዳ ታይቶ፣ እስከ 2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ 35 ሰዎች በበሽታው ተጠርጥረው 10 ሰዎች ሞተዋል። ከቢጫ ወባ የተረፈ ሰው ትኩሳቱና የዓይኑ ቢጫነት ከጠፋ በኋላ ለሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ለወራት፣ አቅም አጥቶ ሊቆይ ይችላል። መዝገባችን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የሞተውንና የተረፈውን ነው እንጂ፣ የተረፈው ሰው መቼ ወደ እርሻው እንደ ተመለሰ አይጠይቅም።

ኮቪድ 19 ይህን ነገር ለዓለም ሁሉ ገለጠው። በሽታው በአገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በኋላ በየአገሩ ብዙ ሰዎች ቫይረሱ ከለቀቃቸው ወራት ካለፉ በኋላም ደክመው ስለ ተገኙ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጅ አቆጣጠር በ2021 ለዚህ ሕመም ወሰን አበጀለት። ይኸውም በሽታው ከጀመረ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ የሚታይ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የሚቆይ፣ በሌላ በሽታም ሊተረጐም የማይችል ሕመም ማለት ነው። ከምልክቶቹም ዋና ዋናዎቹ ድካም፣ የትንፋሽ ማጠርና የሐሳብ መፍዘዝ ናቸው።

በዚህ ነገር ላይ የተደረገ አንድ መልካም ጥናት አለ። በአውስትራልያ ዱቦ በምትባል የገጠር ከተማ አካባቢ ሐኪሞች 253 በሽተኞችን ከታመሙበት ቀን ጀምሮ ተከታተሉ፤ ውጤቱንም በ2006 አወጡ። በሽተኞቹ በሦስት ልዩ ልዩ ተሐዋስያን የታመሙ ነበሩ፤ ሁለቱ ቫይረሶች ሲሆኑ አንዱ ባክቴርያ ነበር። ከመቶው 35ቱ በስድስተኛው ሳምንት ደካሞች ነበሩ። በስድስተኛው ወር ከመቶው 12 ብቻ ቀሩ፤ በዓመቱም 9 ሆኑ። በሦስቱም በሽታዎች ነገሩ አንድ ዓይነት ሆነ። ማን ደክሞ እንደሚቀር ያመለከተው ይበልጡን የመጀመሪያው ሕመም ክብደት ነበር እንጂ የሰውየው ጠባይ አልነበረም። እንግዲህ «ሰነፈ» የሚለው ፍርድ ከዚህ ላይ ይሻራል።

አሁን አንባቢ እነዚህን ቁጥሮች ይዞ ጥቂት እንዲያሰላ እንለምነዋለን። አንድ ነጋዴ በስድስተኛው ሳምንት ለ35ቱ ደካሞች ንጹሕ የምንጭ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ፣ «የጉልበት መድኃኒት» ብሎ ቢሸጥላቸው፣ በስድስተኛው ወር ከእነርሱ 23ቱ ድነው ይገኛሉ። ሃያ ሦስቱም በገበያና በልቅሶ ቤት፣ በዕድርና በዕቁብ፣ «እኔን ያዳነኝ እርሱ ነው» ብለው ይመሰክራሉ። አንዱም ሐሰት አልተናገረም፤ መድኃኒቱን ወስዶ መዳኑ እውነት ነውና። ያልዳኑት 12ቱ ደግሞ ወይ ዝም ይላሉ፣ ወይም ሌላ ጠርሙስ ይገዛሉ። ውሃው ግን ምንም አልሠራም፤ የሠራው ጊዜ ነው። በራሱ ጊዜ በሚለቅ ሕመም ላይ የተሰጠ መድኃኒት ሁሉ ምስክር አያጣም።

በየመንደሩ ለድካም የሚሰጠውን ነገር በዚህ ዓይን ብንመለከተው መልካም ነው። ብዙ ሰው ድካም በተሰማው ጊዜ «ግሉኮስ ይሰቀልልኝ» ይላል። ነገር ግን አንድ ሊትር ከመቶ አምስት እጅ ግሉኮስ ያለበት ውሃ በውስጡ ያለው 50 ግራም ስኳር ነው፤ ይህም በሻይ ማንኪያ ቢሰፈር ከአሥር ማንኪያ እምብዛም አይበልጥም። መብላትና መጠጣት ለሚችል ሰው ያንኑ ስኳር በሻይ ቢጠጣው ዋጋው እጅግ ያነሰ ነው፤ የደም ሥሩም አይወጋም። የቫይታሚን መርፌም ቫይታሚን ለጎደለው ሰው መድኃኒት ነው፤ ላልጎደለው ሰው ግን ወጪ ነው። ንጽሕናው ያልተጠበቀ መርፌ ደግሞ ከወጪም አልፎ የጉበት ቫይረስንና ኤችአይቪን ከአንዱ ወደ ሌላው ያስተላልፋል። ከቫይረስ የቀረውን ድካም ለማራቅ ሲሉ ሌላ ቫይረስ በመርፌ መቀበል እጅግ የሚያሳዝን ነው።

ይህን ስንል የአገር መድኃኒትን ለመንቀፍ አይደለም። በወላይታ ምድር የሚበቅለው ዝንጅብል፣ በቆላው ያለው የሽፈራው ቅጠል፣ ነጭ ሽንኩርቱም ቢሆን፣ መልካም ምግቦች ናቸው። ምግብ መሆናቸው ግን የድካም መድኃኒት መሆናቸውን አያስረዳም። ከፋብሪካ በወርቃማ ወረቀት ተጠቅልሎ የሚመጣውም ክኒን እንዲሁ ነው። ሁለቱም በአንድ ሚዛን ይመዘኑ ነው የምንለው። እኛ በውጭ አገር ከተማርነው ሁሉ ለአገራችን እጅግ የሚጠቅም መስሎ የሚታየን መሣሪያ ወይም መድኃኒት ሳይሆን አንዲት ጥያቄ ናት፤ እርሷም «ከማን ጋር ተነጻጽሮ?» የምትል ናት።

የዚህች ጥያቄ ታሪክ አጭር ነው። በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ የመርከብ ሐኪም በስከርቪ የታመሙ፣ ጉልበታቸውም የደከመ፣ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ከፍሎ ለየክፍሉ የተለያየ ነገር ሰጠ፤ ብርቱካንና ሎሚ ያገኙት ሁለቱ ከሁሉ ፈጥነው ተነሡ። በ1948 ውጤቱ በወጣው ጥናት ደግሞ በእንግሊዝ አገር ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት በ107 የሳምባ ነቀርሳ በሽተኞች ላይ ሲፈተን፣ መድኃኒቱን የሚወስደውና አልጋ ይዞ ብቻ የሚያርፈው በዕጣ ተለየ። በስድስት ወር ውስጥ መድኃኒቱን ከወሰዱት 55 ሰዎች 4፣ ካልወሰዱት 52 ሰዎች ደግሞ 14 ሞቱ።

ዕጣ ለምን ያስፈልጋል ቢሉ፣ ለዚህ መልሱን የዕቁብ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የዕቁብ ዳኛ ገንዘቡን ለወደደው ቢሰጥ ማኅበሩ ይፈርሳል፤ ዕጣ ሲወጣ ግን አድልዎ የለም። ሐኪምም ሳያውቀው እንኳ መድኃኒቱን ለብርቱው በሽተኛ ሰጥቶ ደካማውን ሊተው ይችላል። ከዚህም ሌላ፣ ሰው መድኃኒት ወሰድሁ ብሎ በማሰቡ ብቻ ለጊዜው የተሻለው ይመስለዋል። ድካም ደግሞ እንደ ትኩሳት በቴርሞሜትር አይለካም፤ የሚታወቀው ባለቤቱ ሲናገር ነው። ስለዚህ ለአንደኛው ወገን እውነተኛው ክኒን፣ ለሁለተኛው ወገን በመልክና በጣዕም የሚመስለው ባዶ ክኒን ይሰጣል፤ ማን የትኛውን እንደ ወሰደ በሽተኛውም ሐኪሙም እስከ ፍጻሜው አያውቁም።

ይህ ጥንቃቄ ከንቱ እንዳልሆነ በኖርዌይ የሆነው ያስረዳል። በዚያ አገር ሁለት የካንሰር ሐኪሞች ሪቱክሲማብ የተባለ መድኃኒት ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ላለባቸው ሰዎች ይጠቅም እንደ ሆነ መረመሩ። ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ ከቫይረስ በሽታ በኋላ የሚጀምር ነው። በ2011 ባወጡት ውጤት፣ ከ30 በሽተኞች መድኃኒቱን ከወሰዱት 15ቱ መካከል 10 ሲሻላቸው፣ ባዶውን ከወሰዱት 15ቱ ግን የተሻላቸው 2 ብቻ ነበሩ። ተስፋው ብዙ ሆነ። እነዚያው ሐኪሞች ግን በዚህ ሳይቆሙ በ151 በሽተኞች ላይ ሁለተኛ ፈተና አደረጉ፤ ውጤቱም በ2019 ወጣ። በዚህኛው መድኃኒቱን ከወሰዱት ከመቶ 26፣ ባዶውን ከወሰዱት ከመቶ 35 ተሻላቸው። መድኃኒቱ አልጠቀመም ማለት ነው። ከባድ ጉዳት የደረሰባቸውም መድኃኒቱን በወሰዱት ወገን በዙ። ተስፋ ያደረጉበትን መድኃኒት በገዛ እጃቸው ፈትነው አለመጥቀሙን ለዓለም የነገሩት እነዚህ ሐኪሞች ታላቅ ክብር ይገባቸዋል ብለን እናምናለን። ከትንሹ ፈተና በኋላ መሸጥ ተጀምሮ ቢሆን ኖሮ፣ ስንት ቤት በከንቱ ይራቆት ነበር!

የኮቪድ ድካምም በዚሁ መንገድ ሲመረመር ቆይቷል። በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፓክስሎቪድ የተባለው ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ለ15 ቀን በ155 በሽተኞች ላይ ተፈትኖ፣ በ2024 በወጣው ውጤት ድካምንም ሆነ ሌሎቹን ምልክቶች ከባዶው ክኒን አብልጦ አላቃለለም። በሌላ የአሜሪካ ፈተና ደግሞ ለስኳር በሽታ የሚሰጠው ሜትፎርሚን ክብደታቸው ለበዛ ሰዎች ገና በኮቪድ እንደ ተያዙ ተሰጠ። በ2023 በወጣው ውጤት፣ የቆየ ሕመም የታወቀባቸው ባዶውን ከወሰዱት ከመቶ 10.4፣ ሜትፎርሚን ከወሰዱት ከመቶ 6.3 ነበሩ። በዚያው ፈተና ውስጥ ስሙ ገንኖ የነበረው ኢቨርሜክቲን አልጠቀመም። ይህን የምንጽፈው ማንም ሰው ሜትፎርሚን ገዝቶ እንዲውጥ አይደለም፤ ያ ፈተና ለመከላከል እንጂ የደከመውን ለማዳን አልተደረገምና። ከዚህ የምንማረው፣ ስመ ጥሩው መድኃኒት ሊወድቅ፣ ርካሹ ክኒን ሊያልፍ እንደሚችል፣ የሚለያቸውም ፈተና ብቻ መሆኑን ነው።

ፈተና የሚያስፈልገው ለክኒን ብቻ አይደለም፤ ለምክርም ነው። የደከመውን ሰው «ተነሣ፣ ሥራ፣ ሰውነትህን አፍታታ» ማለት በእኛም አገር በፈረንጅም አገር የቆየ ምክር ነው። ነገር ግን ከእነዚህ በሽተኞች ብዙዎቹ ከአቅማቸው በላይ በሠሩ ማግሥት ሕመሙ ይብስባቸዋል። በ2021 የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ላለባቸው ሰዎች በየጊዜው በተወሰነ መጠን እየተጨመረ የሚሰጠውን የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምና ከመመሪያው አወጣ። በምትኩም በሽተኛው አቅሙን እየለካ ሥራውንና ዕረፍቱን እንዲያመዛዝን መከረ።

አንዳንድ ሰው ግን «ይህ ሁሉ የሀብታም አገር ነገር ነው፤ በእኛ ገጠር እንዴት ይሆናል?» ይል ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆን ምሳሌ ከገዛ አገራችን አለን። የወላይታ ሰው በቀይ አፈር ላይ ባዶ እግሩን ሲሄድ የኖረ ሰው የሚይዘውን የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን፣ አሳምሮ ያውቀዋል። በምሥራቅ ጎጃም ዞን 696 የዚህ በሽታ ሕሙማን በዕጣ በሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ወገን ወዲያው እግር ማጠብን ተማረ፤ ቅባት፣ ማሰሪያ ጨርቅ፣ ካልሲና ጫማም ተሰጠው። ሁለተኛው ወገን ያንኑ እርዳታ ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲያገኝ ሆነ። በ2018 የወጣው ውጤት ሕክምናውን ባገኙት ዘንድ ሕመሙ የሚነሣበት ጊዜ ማነሱን አሳየ። ሳሙና፣ ውሃና ጫማ በገበሬ መንደር ውስጥ በሚገባ ሊፈተኑ ከቻሉ፣ የድካም መድኃኒት የማይፈተንበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ነገሩ በወላይታም ሊጀመር ይገባል። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ከነሆስፒታሉ በመካከላችን አለ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በየቀበሌው አሉ። መጀመሪያ፣ ከቫይረስ በሽታ የተነሣ ሰው በስድስተኛው ሳምንት፣ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር ተጠይቆ ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ ድካሙ የሚለካበት ጥያቄ በወላይትኛ፣ ከሕዝቡ ኑሮ ይውጣ። «እንሰት ስትፍቂ ስንት ጊዜ ታርፊያለሽ? በፊት ከነበረው ስንት እንስራ ውሃ ቀነሰ? ከገበያ ስትመለስ በማግሥቱ ትተኛለህን?» የሚል ጥያቄ ከውጭ ተተርጉሞ ከሚመጣ ቅጽ ይልቅ እውነቱን ያወጣል። ሦስተኛ፣ ሕዝቡ የሚጠቀምባቸው ነገሮች፣ የሽፈራው ዱቄትም ይሁን የዕረፍትና የሥራ ምክር፣ በዕጣ ይፈተኑ። ይህም በሥነ ምግባር ጉባኤ ታይቶ፣ መድኃኒትም ሲሆን የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቅዶ ይሁን።

«ባዶ ክኒን መስጠት ማታለል አይደለምን?» የሚልም ይኖራል። ማታለል የሚሆነው ሳይነግሩት ሲሰጡት ነው። በትክክለኛ ፈተና ውስጥ የሚገባው ሰው ባዶው ሊደርሰው እንደሚችል አስቀድሞ በቋንቋው ተነግሮት ይፈቅዳል፤ በፈለገውም ጊዜ ይወጣል፤ የተረጋገጠ ሕክምና ያለውም በሽታ ሕክምናው አይከለከልበትም። ይልቅስ ያልተፈተነውን ነገር «ፍቱን ነው» ብሎ በገንዘብ መሸጥ ነው ማታለል። «ወባ የሚገድለው ሰው ሳለ ስለ ድካም ገንዘብ ይውጣን?» ለሚለውም መልሳችን፣ ገንዘቡ ዛሬም እየወጣ ነው የሚል ነው። የሚወጣው ከድሃው ኪስ፣ ለመርፌና ለጠርሙስ ነው።

እስከዚያው ድረስ የደከመ ሰውና ቤተ ሰቡ የሚከተለውን ቢያደርጉ ይጠቀማሉ።

አንደኛ፣ ድካሙ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር። የሳምባ ነቀርሳ፣ ወባ፣ የደም ማነስ፣ የስኳር፣ የጉበት፣ የልብ በሽታና ኤችአይቪ ሁሉ በድካም ሊጀምሩ ይችላሉ፤ እነዚህም የታወቀ ሕክምና አላቸው። ሳል፣ የክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የዓይን ቢጫነት ያለበት ሰው ግን አንድ ቀን እንኳ አይቆይ።

ሁለተኛ፣ ሥራውን ከፋፍሎ በየመካከሉ ይረፍ፤ ሳይደክመው ያቁም እንጂ እስኪወድቅ አይሥራ። ቤተ ሰቡም ያግዘው፤ በስንፍና አይፍረድበት።

ሦስተኛ፣ የተቻለውን ያህል ጥራጥሬ፣ እንቁላል፣ ወተትና አትክልት ከቆጮው ጋር ይመገብ፤ ንጹሕ ውሃ ይጠጣ። ሐኪም ያላዘዘውን መርፌና ግሉኮስ አይቀበል።

አራተኛ፣ በሽታው ያልያዘው ሰው ከበሽታው የሚቀረው ድካምም አይመጣበትም። ስለዚህ የቢጫ ወባና የኮቪድ ክትባት በተሰጠ ጊዜ ይከተብ፤ አጎበር ይዘርጋ፤ ትንኝ የሚፈለፈልበትን የረጋ ውሃ ከደጁ ያፍስስ፤ እጁንም በሳሙና ይታጠብ።

አምስተኛ፣ የጉልበት መድኃኒት ሊሸጥለት የመጣውን ሰው፣ ያም ሰው ነጭ ካፖርት የለበሰ ቢሆን እንኳ፣ «ስንት ሰው ወስዶት ዳነ?» ብቻ ብሎ አይጠይቀው። «ሳይወስዱት የዳኑትስ ስንት ናቸው?» ብሎ ጨምሮ ይጠይቀው። ይህን ጥያቄ የሚመልስ ከሆነ ይስማው፤ የማይመልስ ከሆነ ግን ገንዘቡን ለልጆቹ ምግብ ያቆየው። እኛም በሕክምና ሥራ የተሰማራን ሁሉ ይኸው ጥያቄ ሲቀርብልን ሳንቆጣ ልንመልሰው ግዴታ አለብን።